ባክስተርና ክላርክ ከተጎዱ በኋላ፦ የሎንግሆርንስ ራኒንግ ባኮች ለረጅሙ የውድድር ዘመን ይበቃሉ?

አርባ ኤከር — ኦገስት 17፣ 2024

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን፣ ሎንግሆርንስ፣ ኦገስት 31 ቀን ኦስቲን ላይ ከኮሎራዶ ስቴት ጋር የመክፈቻ ጨዋታውን ሊያደርግ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የራኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ የሚሮጠው ተጫዋች) ቦታ እያሳሰበኝ ስለ መጣ ሐሳቤን ላካፍላችሁ ወደድኩ። ሲ.ጄ. ባክስተር በልምምድ ላይ ጉልበቱን ተጎድቶ የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር አብቅቶበታል። የእርሱ ነገር ገና ሳይዋጥልን፣ ከአሪዞና የመጣው አዲሱ ተማሪ ክርስቲያን ክላርክ የተረከዝ ጅማቱ ተጎድቶ ለዓመቱ ከሜዳ ራቀ። በስኮላርሺፕ ካሉት መካከል ጤነኛ ሆነው የቀሩት ጄይደን ብሉ፣ ኩዊንትሬቪዮን ዊዝነርና አዲስ ገቢው ጄሪክ ጊብሰን ብቻ ናቸው።

ነገሩን በቁጥር ላሳያችሁ። በ2023 ጆናታን ብሩክስ ኳሱን 187 ጊዜ ይዞ 1,139 ያርድ ሮጧል፤ ባክስተር ደግሞ በ138 ሙከራ 659 ያርድ አስመዝግቧል። ብሩክስ ባለፈው ኤፕሪል በ46ኛ ተመራጭነት ወደ ፕሮፌሽናሉ ቡድን ካሮላይና ፓንተርስ ሄደ። ሌላው ሯጭ ኬይላን ሮቢንሰንም ወደ ፕሮፌሽናሉ ቡድን ጃክሰንቪል ገባ፤ ሳቪዮን ሬድም ወደ ኔቫዳ ተዛወረ። እንግዲህ የብሩክስና የባክስተር 325 ሙከራዎች ዘንድሮ ባለቤት የላቸውም ማለት ነው፤ በእጃችን የቀረው የብሉ 65 እና የዊዝነር 12፣ በድምሩ የ77 ሙከራ ልምድ ነው። ጊብሰን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ገና አንድም ጊዜ ኳስ ይዞ አልሮጠም።

ጊዜውም አልተመቸንም። ዘንድሮ ወደ ኤስኢሲ (የደቡብ ምሥራቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሊግ) የገባንበት የመጀመሪያው ዓመት ነው፤ የፍጻሜው ውድድርም ለመጀመሪያ ጊዜ 12 ቡድኖችን ያሳትፋል። ከ12ቱ መደበኛ ጨዋታዎች በኋላ የሊጉ ሻምፒዮና፣ ከዚያም እስከ አራት የማጣሪያና የፍጻሜ ጨዋታዎች ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ዕድል የቀናው ቡድን እስከ 17 ጨዋታ ድረስ ሊጫወት ይችላል። ብሉ ቀድሞ እንደሚሰለፍ አልጠራጠርም፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ኖቬምበር ላይ ሦስተኛው ሰው ሲጠራ ኳርተርባኩን (ኳሱን የሚወረውረውን ተጫዋች) ከአደጋ መከለል ይችል እንደሆነ ነው። የእናንተን አስተያየት እጠብቃለሁ።

ቀይ ወንዝ — ኦገስት 17፣ 2024

ወንድሜ አርባ ኤከር፣ ቁጥሮቹን በጥንቃቄ ስላቀረብክልን አመሰግናለሁ፤ መደምደሚያህን ግን አልቀበልም። የስቲቭ ሳርኪሲያንን ታሪክ ላየ ሰው፣ ይህ አሠልጣኝ አንድ ዋና ሯጭ መርጦ ሸክሙን በእርሱ ላይ ማድረግ የሚወድ ሰው ነው። በ2020 አላባማ የማጥቃት አስተባባሪ በነበረበት ጊዜ ናጂ ሃሪስ 251 ጊዜ ሮጦ 26 ታችዳውን (ኳሱን የተቃራኒው መጨረሻ ክልል በማድረስ የሚቆጠር ነጥብ) አስቆጠረ፤ ኦስቲን ከመጣ በኋላም ቢጃን ሮቢንሰን በ2021 1,127፣ በ2022 1,580 ያርድ፣ ብሩክስም በ2023 ከላይ የጠቀስከውን ሮጧል። በሦስት ዓመት ውስጥ ከሺህ ያርድ በላይ የሮጠ ሰው ያላገኘንበት ዓመት የለም።

ብሉም ለዚህ የሚበቃ ነው ብዬ አምናለሁ። ባለፈው ኖቬምበር ቴክሳስ ቴክን 57 ለ 7 ባሸነፍንበት ምሽት በ10 ሙከራ ብቻ 121 ያርድ የሮጠው እርሱ ነው፤ ከመደበኛው ውድድር በኋላ በተደረገው የሹገር ቦውል ጨዋታም በ9 ሙከራ 59 ያርድ ሮጦ ታችዳውን አስቆጥሯል። ከፊቱ የሚሰለፈው መስመር ደግሞ ካለፈው ዓመት ከአምስቱ አራቱን ይዞ ተመልሷል፤ ኬልቪን ባንክስ፣ ሄይደን ኮነር፣ ጄክ ሜጀርስና ዲ.ጄ. ካምቤል ሁሉም አሉ። እንዲህ ያለ መስመር መንገድ ሲከፍትለት የብሉን ያህል ፍጥነት ያለው ልጅ ሌላው ስለማይደርስበት፣ ለእርሱ 18 ወይም 20 ሙከራ ሰጥቶ የቀረውን ለሁለቱ ማከፋፈል ይበቃል።

አርባ ኤከር — ኦገስት 17፣ 2024

ቀይ ወንዝ፣ የጠቀስከው ታሪክ ትክክል ነው፤ ግን ፍጻሜውን አብረን እንየው። በ2021 ቢጃን ኖቬምበር 13 ቀን ከካንሳስ ጋር ስንጫወት ክርኑ ወልቆ ዓመቱ አበቃበት። በ2023 ብሩክስ ኖቬምበር 11 ቀን ፎርት ወርዝ ላይ ከቲሲዩ ጋር ስንጫወት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ሳርኪሲያን እዚህ ካሳለፋቸው ሦስት ዓመታት በሁለቱ ዋናው ሯጭ ኖቬምበርን አልጨረሰም። ሁለቱም ከብሉ ይልቅ ግዙፍ አካል ያላቸው ልጆች ነበሩ፤ የብሉ ክብደት 200 ፓውንድ ገደማ ነው፣ በአንድ ዓመት ውስጥም ከ65 ጊዜ በላይ ሮጦ አያውቅም።

ቢጃን በተጎዳ ጊዜ የሆነውንም አስታውስ። በቀጣዩ ሳምንት ካንሳስ ስቴት ሲመጣ ሮሾን ጆንሰን 31 ጊዜ ሮጦ 179 ያርድ አስመዝግቦ 22 ለ 17 አሸነፍን። ሰውየው ሁለተኛ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ተዘጋጅቶ ስለነበር ነው ያን ቀን የቆመው። ብሩክስ ራሱ በ2022 ከቢጃንና ከሮሾን ቀጥሎ ሦስተኛ ነበር፤ በዚያ ዓመት የሮጠው 30 ጊዜ ብቻ ነው፣ 197 ያርድና አምስት ታችዳውን። በዚያን ጊዜ «ሦስተኛው ሰው ማን ነው?» ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነበርን?

ማስተካከያ፦ ካንሳስ ስቴት የመጣው በቀጣዩ ሳምንት ሳይሆን ዌስት ቨርጂኒያ ሄደን ከተሸነፍን በኋላ፣ ኖቬምበር 26 ቀን ነው።

የተማሪዋ እናት — ኦገስት 18፣ 2024

እንደምን አላችሁ። ልጄ ዘንድሮ ኦስቲን ሁለተኛ ዓመቷን ትጀምራለች፤ ባለፈው ዓመት ስታዲየም ይዛኝ ከገባች ጀምሮ ይህን ጨዋታ መከታተል ጀምሬአለሁ። ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ አንድ ላይ ሲቆም ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ሁለት ጥያቄ አለኝና ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያው፣ በእኛ እግር ኳስ ተጫዋች ሲጎዳ ክለቡ ከሌላ ቦታ ያመጣል፤ እዚህ ለምን አይመጣም? ሁለተኛው፣ ወንድም አርባ ኤከር ሦስተኛው ሰው ኳርተርባኩን መከለል አለበት ብለው ጽፈዋል፤ ራኒንግ ባክ ሥራው መሮጥ አይደለም እንዴ?

አርባ ኤከር — ኦገስት 18፣ 2024

እህቴ፣ ጥያቄዎችሽ ሁለቱም የነገሩ ዋና ናቸው።

ተጫዋቾች ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር የሚችሉት ስማቸውን በዝውውር መዝገቡ ላይ በተወሰነ ጊዜ ካስገቡ ነው። የጸደዩ ጊዜ ኤፕሪል 30 ቀን ተዘግቷል። ከዚያ በፊት ገብቶ ቡድን ሳያገኝ የቀረ ሰው ካልተገኘ በስተቀር በኦገስት ላይ ገበያው ባዶ ነው። ስኮላርሺፑም በዚህ በ2024 በ85 ሰው የተወሰነ ስለሆነ አሠልጣኙ ቀድሞ የትኛው ቦታ ላይ ስንት ሰው እንደሚይዝ አስቦ ነው የሚያዋቅረው። ስለዚህ ሁለት ሰው በአንድ ወር ሲጎዳ መፍትሔው ከውስጥ ብቻ ይገኛል፤ ያለ ስኮላርሺፕ በራሳቸው ፈቃድ ቡድኑን የተቀላቀሉ ልጆች አሉ፣ ከሌላ ቦታም ሰው ሊዛወር ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ላይ ጊዜ ልውሰድ፤ ብዙ ሰው የማያየው ሥራ ነውና። ኳርተርባኩ ኳሱን ሊወረውር ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ፣ አምስቱ የመስመር ተጫዋቾች ከፊት የሚመጡትን ይይዛሉ። ተቃራኒው ቡድን ግን አንዳንድ ጊዜ ከኋላ ያሉትን ተከላካዮች ጨምሮ ስድስት ወይም ሰባት ሰው በአንድ ጊዜ ይልካል፤ ይህን ብሊትዝ ይሉታል። ስድስተኛውን ሰው የሚቀበለው ራኒንግ ባኩ ነው። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ማን ሊመጣ እንደሚችል ማየት፣ ከመስመሩ አለቃ የሚሰጠውን ትእዛዝ መስማት፣ ከዚያም ከእርሱ 30 ወይም 40 ፓውንድ የሚከብድ ሰው በሙሉ ፍጥነት ሲመጣ ደረቱን ገትሮ መቆም አለበት። አንድ እርምጃ ከተሳሳተ ኳርተርባኩ ከጀርባው ይመታል።

የእኛ ኳርተርባክ ኩዊን ዩወርስ በ2022 ከአላባማ ጋር በተደረገው ጨዋታ ተጎድቶ ሦስት ጨዋታ አለፈው፤ በ2023ም ሂዩስተን ላይ ትከሻውን ተጎድቶ ሁለት ጨዋታ አለፈው። ከሁለተኛ ደረጃ የሚመጡ ራኒንግ ባኮች አብዛኞቹ በትምህርት ቤታቸው ኳስ ይዘው ሲሮጡ የኖሩ ስለሆኑ ይህን ሥራ የሚማሩት እዚህ ነው። ጊብሰን በእግሩ ድንቅ ሊሆን ይችላል፤ ሴፕቴምበር 7 ቀን አን አርበር ላይ የሚሺጋን ተከላካዮች ሲመጡበት የት እንደሚቆም ያውቃል ወይ የሚለውን ግን በፍጥነቱ ልንመልሰው አንችልም።

ታይለር 77 — ኦገስት 18፣ 2024

ልጆቼ፣ ክርክራችሁን በደስታ አነበብኩት። እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት በ1977 ነው፤ ያረፍኩትም ኤርል ካምቤል የተወለደበት ታይለር ከተማ ነበር። በዚያ ዓመት ካምቤል 1,744 ያርድ ሮጦ ሃይስማንን፣ የዓመቱን ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ሽልማት፣ ሲወስድ ከተማው ሁሉ የራሱ ልጅ የተዳረ ያህል ነበር። ያኔ የቡድኑ ነገር ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነበር፤ ሪኪ ዊሊያምስም በ1998 2,124 ያርድ ሲሮጥ እንዲሁ ነበር። ስለዚህ ቀይ ወንዝ ያለው ከአየር የመጣ አይደለም፤ እዚህ ቤት የቆየ ልማድ ነው።

ሆኖም ለዘንድሮው የሚመስለው ዓመት 2019 ነው። በዚያ ኦገስት ራኒንግ ባኮቹ አንድ በአንድ ተጎዱና ኪዮንቴ ኢንግራም ብቻውን ሊቀር ሆነ። የያኔው አሠልጣኝ ቶም ኸርማን ምን አደረገ? በኳርተርባክነት የመጣውን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሮሾን ጆንሰንን ወደዚህ ቦታ አዛወረው፤ ከመከላከል ክፍልም ዴቪድ ግቤንዳን አመጣ። ግቤንዳ ዛሬም በመከላከል ክፍላችን አለ። ሮሾን በዚያ ዓመት 123 ጊዜ ሮጦ 649 ያርድና ሰባት ታችዳውን አስመዘገበ። ልጁ ኳርተርባክ ሊሆን ከቤቱ የወጣ ነበር፤ «ቡድኑ የሚፈልገው ይህ ከሆነ» ብሎ ቦታውን ተወ፣ ከዚያ በኋላም አልተመለሰም። ፕሮፌሽናሎቹ ቺካጎ ቤርስ የመረጡትም በዚህ ቦታ ነው። እኔ ለዚያ ልጅ ያለኝ ክብር ለሃይስማን አሸናፊዎቹ ካለኝ አያንስም።

የምለው፣ አሠልጣኞቹ አሁኑኑ፣ ሌላ ሰው ሳይጎዳ፣ ከኳስ ተቀባዮች መካከል አንድ ጠንካራ ልጅ መርጠው የዚህን ቦታ ትምህርት ቢያስጀምሩት መልካም ነው። ኦክቶበር ላይ መጀመር ይዘገያል።

ፊዚዮ ዳላስ — ኦገስት 19፣ 2024

ጋሼ ታይለር የጻፉትን እደግፋለሁ፤ ከሙያዬ አንጻር ጥቂት ልጨምር። የተረከዝ ጅማት ሲበጠስ ተጫዋቹ ወደ ሙሉ ሩጫ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ከዘጠኝ ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከባድ የጉልበት ጅማት ጉዳትም እንዲሁ ረጅም ነው። ስለዚህ «ባክስተር ለፍጻሜው ውድድር ሊደርስ ይችላል» እያሉ በየቦታው የሚጽፉ ሰዎችን ተስፋ እዚህ ባናስገባ ይሻላል። ልጁ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነውና ቢቸኮል የሚጎዳው እርሱ ነው።

ሌላው ጉዳይ ሙቀቱ ነው። የኦስቲን ኦገስት ብዙ ጊዜ 38 ዲግሪ ይደርሳል። አራት ወይም አምስት ሰው ሲፈራረቅበት የነበረው የልምምድ ድርሻ አሁን ለሦስት ሰው ሲከፈል፣ እነዚያ ሦስቱ በየቀኑ የሚሮጡትም የሚመቱትም ይጨምራል፤ የደከመ ጡንቻ ደግሞ በቀላሉ ይጎዳል። በራሳቸው ፈቃድ የሚጫወቱት ልጆች ትልቁ ጥቅማቸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቅዳሜ ሜዳ ላይ ባናያቸውም፣ ማክሰኞና ረቡዕ የመጋጨቱን ሥራ ከብሉና ከዊዝነር ላይ ይቀንሳሉ።

የዴሶቶ ጎረቤት — ኦገስት 19፣ 2024

እስካሁን ስለ ዊዝነር የተባለው ጥቂት በመሆኑ አዝኛለሁ። የምኖረው ከዳላስ በስተ ደቡብ፣ ዴሶቶ ውስጥ ነው፤ ልጆቼ ከሚማሩበት ሰፈር ዓርብ ማታ ስታዲየሙ መብራት ሲበራ ከቤታችን ይታያል። ዊዝነር በ2022 ዴሶቶ የቴክሳስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 6ኤ ዲቪዚዮን 2 ዋንጫን ሲወስድ የቡድኑ ሯጭ ነበር፤ በዚያ ዓመት ካየኋቸው ጨዋታዎች በልቤ የቀረው ሩጫው ብቻ አይደለም። ጓደኛው ኳስ ይዞ ሲሮጥ ከፊቱ ቀድሞ ሰው ሊያስቀር የሚሮጠው እርሱ ነበር።

ባለፈው ዓመት ኦስቲን 12 ጊዜ ብቻ ሮጦ 73 ያርድ ማስመዝገቡን አይታችሁ አትመዝኑት። በልዩ ቡድኖች ላይ፣ ኳስ በሚመታበትና በሚመለስበት ጊዜ፣ እየሮጠ ሄዶ ሰው የሚጥለው እርሱ ነበር። ራኒንግ ባክ ሆኖ ሰው ለመጣል የሚሮጥ ልጅ ብሊትዝ ሲመጣ አይሸሽም። አርባ ኤከር ሦስተኛውን ሰው እየፈለገ ነው፤ እኔ ግን እርሱ የሚፈልገው ሰው በሁለተኛነት አጠገቡ ቆሞ ያለ ይመስለኛል።

ቀይ ወንዝ — ኦገስት 19፣ 2024

የዴሶቶ ጎረቤት የጻፉት አሳምኖኛል፤ በተለይ ስለ ልዩ ቡድኖቹ ያነሱት። ስለዚህ የመጀመሪያ ሐሳቤን ላስተካክል። ብሉ በጨዋታ 12 ወይም 13 ጊዜ ቢሮጥ፣ ኳስ የመቀበል ችሎታውም ስላለው አራት ወይም አምስት ጊዜ በአየር ቢያገኘው፣ ዊዝነር ደግሞ ሦስተኛ ዳውን ላይ (ከአራቱ የማጥቃት ዕድሎች በሦስተኛው) ወይም በጨዋታው ማብቂያ ላይ ቢገባ ሚዛናዊ ይሆናል።

በጊብሰን ላይ ግን አሁንም አንስማማም። ያ ልጅ ፍሎሪዳ ውስጥ ካለው አይኤምጂ አካዳሚ የመጣ ነው፤ እዚያ ልምምድ ላይ የሚገጥሙት ልጆች አብዛኞቹ ወደ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሄዱ ናቸው። አሠልጣኝ ታሻርድ ቾይስ ጆርጂያ ቴክ ሳለ ጃሚር ጊብስን ያሠለጠነ ሰው ነው፤ ወጣት ሯጭ እንዴት እንደሚታነጽ ያውቃል። አንዳንዶች «ከአራት ጨዋታ በላይ ሳይጫወት ይቆይ፣ አንድ ዓመት ይቆጠብለት» ይላሉ። ሁለት ሰው ባይጎዳ እኔም እንዲያ እል ነበር፤ አሁን ግን ከኮሎራዶ ስቴት ጀምሮ፣ ከዩቲኤስኤና ከሉዊዚያና ሞንሮ ጋርም፣ ሰፊ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ኦክቶበር 12 ቀን ዳላስ ላይ ኦክላሆማ፣ በሳምንቱ ኦክቶበር 19 ደግሞ ጆርጂያ ኦስቲን ሲመጣ እንግዳ መሆን የለበትም።

አርባ ኤከር — ኦገስት 20፣ 2024

የዴሶቶ ጎረቤት፣ ስለ ዊዝነር የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ እውነትም ችላ ብዬው ነበር። ያልከው ከሆነ የእኔ ጥያቄ በአንድ እርምጃ ይቀንሳል፤ ብሉና ዊዝነር አንዱ በፍጥነቱ፣ አንዱ በቆራጥነቱ ይሞላሉ፣ ጊብሰንም ጊዜ ያገኛል። የሁለቱ አንዱ ቢጎዳ ግን ያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ከጋሼ ታይለር ጋር እስማማለሁ፤ አራተኛ ሰው አሁኑኑ ከተቀባዮች መካከል መዘጋጀት አለበት።

በኮሎራዶ ስቴት ጨዋታ ውጤቱን አልመለከትም፤ በዚያ ቀን ሁላችሁም እንደምትጠብቁት ብዙ ነጥብ እናስቆጥራለን ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የምመለከተው ከእረፍት በኋላ፣ ምናልባት ከዩወርስ ቀጥሎ አርች ማኒንግ ሲገባ፣ ጊብሰን ከጎኑ የት እንደሚቆም ነው። ኳስ ሳይሰጠው ስንት ጊዜ እንደሚገባ፣ ከመነሳቱ በፊት ዐይኑ ወዴት እንደሚሄድ፣ ሰው ሲመጣበት ወደ ሰውየው እንደሚሄድ ወይስ ሰውየውን እንደሚጠብቅ ለመቁጠር ወረቀትና እርሳስ ይዤ እቀመጣለሁ። የተማሪዋ እናት፣ ስታዲየም ውስጥ የምትሆኚ ከሆነ ከላይ ያለው መቀመጫ ለዚህ ከቴሌቪዥን ይሻላል፤ ካሜራው ኳሱን ይከተላልና።

የተማሪዋ እናት — ኦገስት 20፣ 2024

ልጄ ቲኬት አግኝታልናለች፤ መቀመጫችንም ከላይ በኩል ነው። እኔም ኳሱን ትቼ ያን ልጅ እመለከታለሁ፤ ያየሁትን እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እዚህ እጽፍላችኋለሁ።